ቅቤ መጨረሻ ላይ፦ የደሴ ቤት የሳምንት እራት አሠራር

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲነገር ቅርብ ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ከወረደ ግን ሚኒባሱ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው ዳገቱን የሚወጣው። እኔ ኮምቦልቻ ውዬ ማታ ደሴ የምገባ ሰው ነኝ። 11፡30 ከሥራ ብወጣ ቤቴ የምደርሰው 1 ሰዓት አካባቢ ነው። ባለቤቴ ይቀድመኛል። ሦስቱ ልጆች ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚመጡት ርቧቸው ነው። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት መክተፍ ከጀመርኩ እራት 3 ሰዓት ይሆናል፣ ትንሿ ሳትበላ ትተኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሻይ በዳቦ እራት ተብሎ ነበር ቤታችን ውስጥ።

አሁን 1፡45 ላይ ማዕድ ቀርቧል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ቁሌቱ እሑድ ይሠራል፤ ቅቤ አይገባበትም። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በዕለቱ ማታ ነው። ለምን እንደሆነ እየሄድን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ሳምንቱን ጻፉት

ምን ይበላል ከማለታችሁ በፊት ማን መቼ ቤት አለ የሚለውን ጻፉ። የእኛ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ተከብቧል። ማክሰኞ ባለቤቴ ያመሻል። ሐሙስ ትልቁ ልጅ ማጠናከሪያ ትምህርት አለው። ሁሉም ሰው የሚደክምበትን ቀን ለዩና በዚያ ቀን እሳት የማይፈልግ ወይም በሩብ ሰዓት የሚደርስ ምግብ መድቡ። ለእኛ ዓርብ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ወረቀቱ ይቀየራል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤው ይሰረዛል። የእሑዱ ሥራ ግን ያው ነው። ቁሌቱ መቼም ቢሆን የጾም ነዋ።

ገበያ

ሽንኩርት ከሰፈር ሱቅ በኪሎ በኪሎ መግዛት ኪስ ይጎዳል። ሰኞ ገበያ ወይም ሌላ የሚቀናችሁ ገበያ ሄዳችሁ አንዴ ግዙ። ለአምስት ሰው ለአንድ ሳምንት የምገዛው ይህን ነው፦ 4 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ጭብጥ ዝንጅብል፣ 2 ኪሎ ድንች፣ 1 ኪሎ ካሮት፣ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን፣ 1 ኪሎ ቲማቲምና አምስት ስድስት ቃሪያ። ምስር፣ ክክና ሽሮ ወር ወር ነው የምገዛው።

ሽንኩርቱን ጨበጥ አድርጋችሁ እዩት። አንገቱ ጋ ከለሰለሰ ተዉት፤ ሳምንቱን አይዘልቅም። ቤት ሲገባም ከፌስታል አውጡትና ነፋስ በሚያገኘው ቅርጫት አስቀምጡት። ከድንች ጋር አትቀላቅሉት፣ አብረው ሲቀመጡ ቶሎ ይበላሻሉ። ደግሞ ቲማቲሙን ከታች አድርጎ ድንቹን ከላይ የሚጭን ሰው ቤታችን ውስጥ አለ። ስም አልጠራም።

እሑድ፦ ቁሌቱ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ እጀምራለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ግማሹ ግን ቆሞ ማማሰል ስለሆነ ወሬ እያወሩ የሚሠራ ነው።

1. 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ላጡና አድቅቃችሁ ክተፉ። መላጡን ለልጆች ስጡ። መክተፉን ለባለቤታችሁ ስጡ፣ ዓይኑ ቢያለቅስም ይለምደዋል። በማሽን የምትፈጩ ከሆነ አታልሙት። ሲልም ውሃው ይበዛል፣ ወጡም ለጥ ይላል።

2. ወፍራም ድስት ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት አቁላሉ። የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ከዚያ ይመጠዋል። ለ3 ኪሎ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል። መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይት ከገባ ያ ጥሬ ጣዕም እስከ ሐሙስ ይከተላችኋል።

3. ሽንኩርቱ ቡናማ ሳይሆን ወርቅማ ሲመስል ሦስት ሩብ ሊትር ዘይት ጨምሩ። አሥር ደቂቃ ይቁላላ። የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አንድ ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ አስገቡ። ሽታው ሲለወጥ ታውቁታላችሁ።

4. አሁን ቁሙ! ከድስቱ አንድ ሦስተኛውን ቀንሱና በሌላ ዕቃ አስቀምጡ። ይህ ለአልጫ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳና ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ወጥ ይበላል።

5. በቀረው ላይ ሩብ ኪሎ በርበሬ ጨምሩ። በርበሬ ደረቅ ሆኖ ዘይት ላይ ሲወድቅ ያራል፤ ስለዚህ ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አብራችሁ አፍስሱ። እሳቱን ቀንሱና ሌላ 30 ደቂቃ በትንሽ በትንሽ ውሃ እያበረዳችሁ አቁላሉ። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍና በርበሬው አፍንጫን መውጋት ሲያቆም ደርሷል።

6. ጨው አትጨምሩ። ቅቤ አትጨምሩ። መከለሻም አትጨምሩ። ሦስቱም የዕለቱ ሥራ ናቸው።

7. ክዳኑን ከፍታችሁ አቀዝቅዙ። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ትኩሱን በክዳን ዘግቼ ፍሪጅ ከተትኩት። ረቡዕ ስከፍተው አረፋ ነበር፣ 3 ኪሎ ሽንኩርት ቆሻሻ ላይ። ሰፊ ዕቃ ላይ ገልብጣችሁ ብትዘረጉት ቶሎ ይበርዳል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ።

8. በየእራቱ ከፋፍሉት። ለአምስት ሰው ሁለት የሻይ ብርጭቆ ቁሌት ለአንድ እራት ይበቃል። ከዚህ አራት ቀይና ሁለት አልጫ ይወጣል። እስከ ረቡዕ የሚፈለገው ፍሪጅ ውስጥ፣ የቀረው ፍሪዘር ውስጥ። የፍሪዘሩን ጠዋት ወደ ፍሪጅ አውርዱት፣ ማታ ቀልጦ ይጠብቃል።

መብራት ቢጠፋስ? ፍሪጁን አትክፈቱ። ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ደግሞ እስከ ሁለት ቀን፣ ግማሹ ባዶ የሆነ እስከ አንድ ቀን። ለዚህ ነው ባዶ ቦታውን ውሃ በሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ የምሞላው።

አሁን ቅቤው ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚገባ። አንደኛው ምክንያት ጾሙ ነው፤ ግልጽ ነው። ሁለተኛው ወሎ መሆናችን ነው። ጎረቤቴ እታለም ሙስሊም ናት። ግድግዳችን አንድ ነው፣ ልጆቻችን ከማን ቤት እንደበሉ አንዳንዴ አናውቅም። የሁለታችን ሥጋ ለየብቻ ነው፤ የጾም ወጥ ግን የሁላችንም ነው። ሳይታሰብ በር ሲንኳኳ ቅቤና ሥጋ ያልነካው ድስት ለማንም ይቀርባል። ስለዚህ የጾም ድስትና ማማሰያ ለብቻቸው ይኑሯችሁ። ሦስተኛው ምክንያት ቅሬ፣ ማለትም የሰፈሩ እድር ነው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ቅሬው ይጠራል፣ ያኔ እቅዳችሁ ሁሉ ይገለበጣል። እኔ አንድ ቀይ ቁሌት ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ ለዚህ አስቀራለሁ። ግማሽ ኪሎ ምስር ተጨምሮበት በ40 ደቂቃ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ወጥ ይሆናል።

ዶሮ ወጥ በዚህ ቁሌት እንዳትሠሩ። የራሱን ቁሌት፣ የራሱን ቀን ይፈልጋል። ሞክሬዋለሁ፤ አማቴ አንድ ጉርሻ ጎርሰው «ምስሩ ይጥማል» አሉኝ።

እንጀራ

በሳምንት ሁለቴ እንጋግራለን፣ ቅዳሜ ማለዳና ረቡዕ ማለዳ። በእኛ ምጣድ ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ስድስት ወይም ሰባት እንጀራ ይወጣል። 4 ኪሎ ካቦካን ለሦስት አራት ቀን ይበቃናል።

የደሴ ብርድ ሊጥ ያዘገያል። ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ ሊጧ በሁለት ቀን ኩፍ ይላል፤ የእኔ ሦስት ቀን ይጠብቃል። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ውርጩ ሲበረታ፣ ቡሃቃውን በድሮ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው አርቄ አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ ለቅዳሜው ረቡዕ ማለዳ፣ ለረቡዑ እሑድ ማለዳ ይቦካል።

በመጋገሪያው ቀን በማለዳ ከላይ የቀረረውን ውሃ አፍስሱ። አንድ ሊትር ውሃ አፍሉና ሁለት ጭልፋ ሊጥ እያማሰላችሁ ጨምሩ። እንደ አጥሚት ሲወፍር አውርዱት። ጣት ሲያስችል ወደ ሊጡ መልሱት፤ አብሲቱ ይህ ነው። ትኩስ ሳለ ከጨመራችሁት እርሾው ይሞታል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ኩፍ እስኪል አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ጠብቁ። በሥራ ቀን ይህን ሰዓት ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ረቡዕ አብሲቱን 10 ሰዓት ሌሊት የሚጥለው ባለቤቴ ነው። ተመስገን፣ እንቅልፉ ቀላል ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል ይበላል፤ አብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ መብራቱ ይደክማል፣ ምጣዱም አይግልም። ማለዳ ጋግሩ። የወጣውን እንጀራ ሳይበርድ አትደራርቡ፤ ላቡ ሻጋታ ይጠራል።

ጥራጥሬና ከፍታ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። ስለዚህ ክኩ ድስቱ ውስጥ እየተንተከተከም ቶሎ አይበስልም። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ይሻላል። ከቆላ የመጣ ዘመድ «ክካችሁ ምን ሆኗል?» ቢላችሁ አትፈሩ፣ ጥፋቱ የጦሳ ተራራ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ሽምብራና ባቄላ ከሌሊቱ ይዘፍዘፉ፣ በማግስቱ ውሃው ይለወጥ። ክክም ሁለት ሦስት ሰዓት ቢዘፈዘፍ ይጠቅማል። ፕሬዠር ድስት ካላችሁ ደግሞ ተጠቀሙበት፤ በውስጡ ያለው ውሃ ከተራራው በላይ ይግላል። ጨው መጨረሻ ላይ ጨምሩ።

ከሰኞ እስከ እሑድ

ሰኞ፣ ምስር ወጥ። ቀድሞ የገባው ሰው ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ አጥቦ ይጥዳል። ባለቤቴ ማለት ነው። ቀይ ቁሌት፣ ሦስት ብርጭቆ የፈላ ውሃ፣ ምስር። 30 ደቂቃ ይብሰል፣ ሲወፍር ውሃ ጨምሩበት። እኔ ስደርስ ጨውና መከለሻ አደርጋለሁ። የፍስክ ቀን ስለሆነ አንድ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከላይ ጣል። እታለም ካለች ከቅቤው በፊት የእሷ ይቀነሳል፣ ቅቤ አይስማማትም።

ማክሰኞ፣ ሥጋ። እሑድ የተገዛው አንድ ኪሎ ሥጋ ያኔውኑ ተቆርጦ ለሁለት ተከፍሎ ፍሪዘር ገብቷል። ሰኞ ማታ አንዱን ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ማክሰኞ ለብቻው ጠበስ አድርጋችሁ ቀይ ቁሌት ጨምሩ፣ በለዘብተኛ እሳት ይብሰል። ጠንካራ ከሆነ ሰዓት ይፈጃል፤ ፕሬዠር ካላችሁ ግማሹ ይበቃል። ድንች ከገባበት ለአምስት ሰው ይበዛል እንጂ አያንስም።

ረቡዕ ማለዳ እንጀራ ተጋግሯል፣ ማታ ሽሮ ነው። ትኩስ እንጀራና ሽሮ ካሉ ሌላ ምን ይፈለጋል? ሁለት የሻይ ብርጭቆ ሽሮ በስምንት ብርጭቆ ውሃ ሂሳቡ ይህ ነው። የሚጓጉልባችሁ ከሆነ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና ቁሌቱ በፈላው ውሃ ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱ። ሽሮ ደረሰ የሚባለው ፈልቶ ሳይሆን ሲንተከተክ ቆይቶ ዘይቱን ሲተፋ ነው። 25 ደቂቃ ስጡት። ጎን ለጎን ጎመኑን ያለ ቁሌት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ። ልጆቹ ሽሮ ሰለቸን ካሉ ውሃውን ወደ አምስት ብርጭቆ ቀንሱና በሸክላ አቅርቡት። ተጋቢኖ ሲባል ስሙ ተቀይሮላቸዋልና ይበሉታል።

ሐሙስ፣ አልጫ። ክክ ቀን ቀን ተዘፍዝፎ ይጠብቃል፤ ምሳ ሰዓት ቤት የሚገባ ልጅ ካለ ውሃ ውስጥ መጨመር አያቅተውም። አልጫ ቁሌት፣ ትንሽ እርድ፣ ካሮትና ድንች። ከሰኞ የተረፈ ምስር ካለ ዛሬ ማለቅ አለበት። አንዴ ብቻ በደንብ አፍልታችሁ ብሉት፤ እያወጡ እያሞቁ መመለስ ሆድ ያስቸግራል።

ዓርብ ሰው ሁሉ የደከመበት ቀን ነው። ሱፍ ፍትፍት። ሱፉ ቀደም ብሎ ታምሶ ተፈጭቶ በጠርሙስ አለ። ሦስት ማንኪያ ዱቄት በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ፣ በወንፊት አጥልሉት። የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጨውና የሎሚ ጭማቂ። እንጀራውን ቆራርሳችሁ አፍስሱበት፤ ግን ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ። ቀድሞ ከተፈተፈተ ገንፎ ይሆናል። ጠቅላላው ሩብ ሰዓት ነው፣ ምድጃም አይበራም።

ቅዳሜ ለልጆች ነው፣ መኮሮኒ በካሮትና በቲማቲም። ከፍታው እዚህም አለ፤ ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩ። አንዳንድ ቅዳሜ ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ይገኛል። ከደሴ በሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በጊዜ ከወጣችሁ ትኩሱን ታገኛላችሁ። ጆሮው ውስጥ ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑ አለመጎድጎዱን እዩ። በሎሚና በጨው አሽታችሁ፣ ዱቄት ነክታችሁ ጥበሱ።

እሑድ ዋናው ምሳ ነው፣ እራቱ ቀላል ነው። ማታ ቂንጬ ይበቃል። የስንዴ ሾርባም ጥሩ ነው፤ ይህን ከእታለም ነው የተማርኩት። እሷ ረመዳን ሲቃረብ ስንዴውን በብዛት ቀቅላ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ታስገባለች። ማፍጠሪያ ሲደርስ አንዱን አውጥታ ታፈላለች። ሳምቡሳውንም ጠቅልላ ሳትጠብስ ነው የምታስቀምጠው። የኔ የቁሌት ነገር ከዚያ ነው የመጣው፣ ብድሩን በጾም ወጥ እየከፈልኩ ነው።

ቡና እሑድ ከሰዓት ነው የሚፈላው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እታለም ትመጣለች፣ «ጀባ» ይባላል። በበረካው ላይ ልጆቹ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ባለቤቴ የሳምንቱን ወረቀት ይቀይራል። ሽምብራ ያለበት ሳምንት ከሆነ ስኒው ሳይታጠብ ይዘፍዘፍ። ከተቀመጣችሁ በኋላ ማንም አይነሳም።